ስትቆጥሩ ስጡ

ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ በሬዲዮ የተላለፈ ትምህርት ነበር፤ ቤተ ሰብ አብሮ ተቀምጦ እንዲያነበው ብለን በዚህች ትንሽ ትራክት አዘጋጅተነዋል። የምንነጋገረው ስለ አንድ ቀላል ነገር ነው፤ ስለ መቁጠር።

ገና ሲቃረብ ሁላችንም እንቆጥራለን። ልጆች "ስንት ቀን ቀረው?" እያሉ ቀን ይቆጥራሉ። አባት ብር ይቆጥራል። እናት ዘይቱን፣ ቅቤውን፣ ሽንኩርቱን፣ የዶሮውን ዋጋ ትደምራለች፤ አንዳንዴም ደምራ ደምራ ሲጎድልባት ዝም ትላለች። በዚህ ሁሉ ቆጠራ ውስጥ ሳይቆጠር የሚቀር አንድ ነገር አለ፤ ጌታ በዓመቱ ውስጥ ለዚያ ቤት ያደረገው ነገር። ከገና በፊት ባሉት ቀናት በየዕለቱ አንድ በረከት እየቆጠሩ፣ በቆጠሩት ልክ ለተቸገረ እየሰጡ የሚያሳልፉ ቤተ ሰቦች አሉ። ይህ ልማድ ዛሬ የመጣ ፋሽን ነው ወይስ ሥር አለው? እስቲ ታሪኩን አብረን እንየው።

መቁጠር የሚያስፈራበት ጊዜ

በአገራችን "ልጆችዎ ስንት ናቸው?" ተብለው ሲጠየቁ ቁጥር መጥራት የማይወዱ እናቶች አሉ። "የእግዚአብሔር ናቸው" ብለው ያልፋሉ። አንዳንዶቻችን አጉል እምነት ነው ብለን እንስቃለን። ለመሳቅ አንቸኩል። መጽሐፍ ቅዱስም ስለ መቁጠር በጣም ጠንቃቃ ነው።

ዘጸአት ምዕራፍ 30 ከቁጥር 11 ጀምሮ አንብቡ። እግዚአብሔር ለሙሴ ሕዝቡን ስትቆጥር እያንዳንዱ ሰው ስለ ነፍሱ ቤዛ ይስጥ፣ መቅሠፍትም እንዳይመጣባቸው ይሁን ይለዋል። ስጦታው ግማሽ ሰቅል ነው። ሀብታም ነኝ ብሎ መጨመር አይቻልም፤ ድሀ ነኝ ብሎ መቀነስም አይቻልም። ይታያችሁ፣ ቆጠራውና ስጦታው የተሰጡት በአንድ ትእዛዝ ነው። ሰው ሲቆጠር "ይህ ሁሉ የእኔ ነው" ማለት እንዳይጀምር፣ እጁ ወዲያው ወደ ኪሱ እንዲገባ ተደረገ። ያ ብር የት ደረሰ? ዘጸአት 38 ይነግረናል፤ 603,550 ወንዶች ያወጡት ብር ቀልጦ የማደሪያው ድንኳን ምሰሶዎች የሚቆሙባቸው እግሮች ሆነ። ድንኳኑ የቆመው በቆጠራው ስጦታ ላይ ነበር ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ 2ኛ ሳሙኤል 24 እንሂድ። ዳዊት ሕዝቡን አስቆጠረ። ኢዮአብ እንኳ፣ ያ ልበ ደንዳና የጦር አለቃ፣ "ጌታዬ ንጉሥ ይህን ለምን ፈለገ?" ብሎ ነበር። ዘጠኝ ወር ከሃያ ቀን ፈጀ። ቁጥሩ መጣ፤ ግማሽ ሰቅል ስለ መሰጠቱ ግን በምዕራፉ ውስጥ አንድም ቃል የለም። ቁጥሩ እጁ ሲገባ የዳዊት ልብ መታው፤ መቅሠፍቱም መጣ። መቅሠፍቱ የቆመው የት ነው? በኦርና አውድማ ላይ። ኦርና አውድማውንም በሬዎቹንም በነጻ ልስጥህ ሲለው፣ ዳዊት ምንም ያላወጣሁበትን መሥዋዕት ለአምላኬ አላቀርብም ብሎ ሃምሳ ሰቅል ብር ከፈለ። በመቁጠር የጀመረው ታሪክ የተቋጨው ከራስ ኪስ በሚወጣ ስጦታ ነው።

የጌታችን ልደትስ? ሉቃስ ምዕራፍ 2 የሚከፈተው በምንድን ነው? በቆጠራ! አውግስጦስ ቄሣር ዓለም ሁሉ እንዲጻፍ አዘዘ። ቄሣር የቆጠረው ለመውሰድ ነው፤ ግብር ለመሰብሰብ፣ ግዛቱን ለማወቅ። ዮሴፍና ማርያም በዚያ መዝገብ ሊጻፉ ወደ ቤተ ልሔም ወጡ፤ ልጁም በዚያው ተወለደ። ቄሣር አንድ ግብር ከፋይ ተጨመረልኝ ብሎ ሊሆን ይችላል። ሰማይ ግን በዚያች ሌሊት እየሰጠ ነበር። ቤተ ሰቡም ድሀ ሆኖ ሳለ ሰጥቷል፤ ከአርባ ቀን በኋላ ወደ ቤተ መቅደስ ሲወጡ ያቀረቡት የርግብ መሥዋዕት በዘሌዋውያን 12 መሠረት በግ መግዛት ለማይችል ሰው የተፈቀደው ነው። "እኛ ምን አለንና እንሰጣለን?" ለምትሉ ወገኖች፣ የጌታ ቤተ ሰብ የተጀመረው ከዚያ ነው።

የምሳው ዋጋ

የጥንት ክርስቲያኖች ይህን ነገር ወደ ጓዳቸው አስገቡት። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በየሳምንቱ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዳችሁ እንደ ቻላችሁ በቤታችሁ አስቀምጡ ብሎ ጻፈላቸው (1ኛ ቆሮ. 16፥2)። ልብ በሉ፣ "እኔ ስመጣ ሰብስቡ" አላለም። እንዲያውም እሱ ሲመጣ መሰብሰብ እንዳይኖር ነው የፈለገው። ስሜት በተነሣበት ቀን አንዴ ዘርግፎ ሳይሆን፣ በየጊዜው፣ ቤት ውስጥ፣ እየቆጠሩ።

በሁለተኛው መቶ ዘመን ሮም ውስጥ የተጻፈ "የሄርማስ እረኛ" የተባለ መጽሐፍ አለ። ቅዱስ መጽሐፍ አይደለም፤ የዚያን ዘመን ምእመናን እንዴት ይኖሩ እንደ ነበር ግን ያሳየናል። ሄርማስ ለሚጾም ሰው የሚሰጠው ምክር በጣም ተግባራዊ ነው። በዚያ ቀን ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስላና ያንኑ ለመበለት ወይም ለወላጅ አልባ ወይም ለችግረኛ ስጥ ይላል። ዋጋውን አስላ! ይህ ሒሳብ ነው። ጾም ብቻውን ለቤቱ ቁጠባ ሊሆን ይችላል፤ ሒሳቡ ወደ ድሀው ሲሄድ ግን ፍቅር ይሆናል። በ5ኛው መቶ ዘመን የሮም ጳጳስ የነበረው ልዮንም በታኅሣሥ ጾም ስብከቶቹ ከዚህ አልራቀም፤ ከማዕድ የቀነስነው ለተራበው ይድረስ ይል ነበር።

"አድቬንት" የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ነው፤ "መምጣት" ማለት ነው። በምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ከልደት በፊት ያሉትን አራት እሑዶች ይይዛል። ወቅቱ ቅርጽ እየያዘ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በዛሬዋ ፈረንሳይ የቱር ጳጳስ የነበረው ፐርፔቱዎስ በ480 እ.ኤ.አ. ገደማ ከማርቲን በዓል፣ ማለትም ከኖቬምበር 11 ጀምሮ እስከ ልደት በሳምንት ሦስት ቀን እንዲጾም አደረገ። ማርቲን ማን ነው? ወታደር ሳለ በከተማ በር ላይ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ለማኝ አይቶ ካባውን በሰይፍ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ያለበሰ ሰው ነው ብለው ይተርኩለታል። የመጠበቁ ወቅት የሚጀምረው በግማሽ ካባ ነበር ማለት ነው። በእኛም አገር የኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያትን ይጾማሉ። የብዙዎቻችን እናቶችና አያቶች በዚያ ጾም ውስጥ ለነዳያን ሲሰጡ አይተን ነው ያደግነው። ወንጌላውያን ከሆንን በኋላ ጾሙን በሌላ መልክ ያዝነው፤ መስጠቱን ደግሞ፣ እውነቱን እንናገር፣ ብዙዎቻችን ለእሑድ መባ ብቻ ተውነው።

የጋሪ ጎማና ሻማ

አሁን ወደ ጀርመን፣ ወደ ሐምቡርግ እንሂድ። እዚህ ጋ ትንሽ እንቆያለን፤ ምክንያቱም ቀን መቁጠርን ከድሆች ልጆች ቤት ጋር ያያዘው ታሪክ ይህ ነው።

ዮሐን ሂንሪሽ ቪሸርን በ1808 እ.ኤ.አ. ተወለደ፤ ከሰባት ልጆች የመጀመሪያው ነው። አባቱ ሲሞት ገና 15 ዓመቱ ነበር። ትልቅ ልጅ የሆናችሁ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ እያስተማረ ቤተ ሰብ መርዳት ጀመረ። በኋላ ሥነ መለኮት ተምሮ ወደ ሐምቡርግ ሲመለስ በሰንበት ትምህርት ቤት አገለገለ። የሚያስተምራቸውን ልጆች ቤት ለቤት እየሄደ ሲጎበኝ ያየው ነገር እንቅልፍ ነሣው። ሐምቡርግ ሀብታም የወደብ ከተማ ናት፤ በጠባብ መንደሮቿ ውስጥ ግን ልጆች ያለ በቂ ምግብ፣ ያለ ትምህርት፣ አንዳንዶቹም በስርቆት ይኖሩ ነበር። በ1833 በ25 ዓመቱ ከከተማው ውጪ ሆርን በሚባል ስፍራ አንድ አሮጌ ቤት ተሰጠው። ራውኸስ ሐውስ ይባላል። ከእናቱ ጋር ገባበት፤ በዓመቱ መጨረሻ 12 ወንዶች ልጆች ነበሩት።

የዚያን ዘመን የልጆች ማረሚያ ግንብና ቁልፍ ነበር። ቪሸርን ግን አጥር አልሠራም። ልጆቹን አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ከመደርደር ይልቅ በትንንሽ ቤቶች፣ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሆነው፣ ከአንድ ታላቅ ወንድም ጋር እንደ ቤተ ሰብ እንዲኖሩ አደረገ። ቤተ ሰብ የሌላቸውን በቤተ ሰብ መልክ አሳደጋቸው። ቤቱ የሚኖረው በሰዎች ስጦታ ነበር።

ገና ሲደርስ እነዚያ ልጆችም እንደ ልጆቻችን "ስንት ቀን ቀረው?" እያሉ ይጠይቁ ነበር። በ1839 ቪሸርን አንድ የጋሪ ጎማ ወስዶ ዙሪያውን ሻማ ተከለበት፤ ለሥራ ቀናት ትንንሽ ቀይ ሻማዎች፣ ለአራቱ እሑዶች አራት ትልልቅ ነጭ ሻማዎች። በየቀኑ አንድ ሻማ ይበራል፣ ስለሚመጣው ጌታ ቃል ይነበባል፣ ይዘመራል። የእሑዱ ትልቅ ስለ ሆነ ልጆቹ ሳምንቱን መለየት ቻሉ። እስከ ልደት ዋዜማ ጎማው በሙሉ በብርሃን ይሞላል። ዛሬ በዓለም ላይ የሚታየው አራት ሻማ ያለው የአድቬንት አክሊል መነሻው ይህ ነው። በአገራችንም ከሉተራን ሥር በመጡ አጥቢያዎች ሻማውን ያያችሁ ትኖራላችሁ፤ ከጋሪ ጎማ እንደ ጀመረ ግን ብዙ ሰው አያውቅም።

እንግዲህ አስቡት፤ የመጀመሪያዎቹ ቆጣሪዎች ምንም የሌላቸው ልጆች ነበሩ። የሚቆጥሩት ዕቃ አልነበረም። ብርሃን ይቆጥሩ ነበር። ቪሸርንም በዚያች ቤት አልቆመም። በ1848 በቪተንበርግ ከተማ በተደረገ ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ ተነሥቶ፣ ለቤተ ክርስቲያን ፍቅር እንደ እምነት ሁሉ የራሷ ነው እያለ ተናገረ፤ ከዚያም "የውስጥ ሚሲዮን" የተባለው ሰፊ የርኅራኄ አገልግሎት ተደራጀ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1959 በአድቬንት ወቅት፣ የጀርመን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ለዓለም ረሃብተኞች "ዳቦ ለዓለም" የተባለውን የመዋጮ ጥሪ ጀመሩ። እስከ ዛሬም ጥሪው በየዓመቱ የሚከፈተው በመጀመሪያው የአድቬንት እሑድ ነው። ከዚያ መዋጮ ወደ ኢትዮጵያም፣ በመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ሥራ በኩል፣ ደርሷል። ሻማ ያበሩ ልጆች የተከሉት ልማድ ውኃችንና እርሻችን ድረስ መጣ።

የቸኮሌቱን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው። በ19ኛው መቶ ዘመን የጀርመን ወንጌላውያን ቤተ ሰቦች በበር ላይ 24 የጠመኔ መስመር ያሰምሩና ልጆች በየቀኑ አንድ ያጠፉ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ሰቦች ደግሞ ልጆቹ መልካም በሠሩ ቁጥር አንድ ገለባ በግርግም ውስጥ ያስቀምጡ ነበር፤ ሕፃኑ ሲመጣ የሚተኛበት ለስላሳ እንዲሆን። ከዚያ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ጌርሃርድ ላንግ የተባለ ማተሚያ ቤት የነበረው ሰው የታተመ የአድቬንት ካላንደር አወጣ፤ ልጅ ሳለ እናቱ 24 ትንንሽ ብስኩቶችን በካርቶን ላይ ትሰፋለት እንደ ነበር ይነገራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመስኮቶቹ ውስጥ ቸኮሌት ገባ። በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች በየሱፐርማርኬቱ ታዩታላችሁ። ቸኮሌት ኃጢአት አይደለም፤ ልጆች ይብሉ። ነገር ግን ቆጠራው አቅጣጫ ቀየረ። በየቀኑ መስኮት ከፍቼ ምን አገኘሁ? ወደሚል ዞረ። የቄሣር ቆጠራ ማለት ይህ ነው።

እፍኝ ሩዝ

ሁለት ሴቶችን፣ ይቅርታ፣ አንዲት ሴትና ብዙ ሴቶችን ልጥቀስ፤ ልማዱን ወደ ስጦታ የመለሱት በአብዛኛው እናቶች ናቸውና።

ሎቲ ሙን አሜሪካዊት ባፕቲስት ነበረች፤ በቻይና ሻንዶንግ ክፍለ አገር ለአርባ ዓመት ገደማ ወንጌል አገለገለች። በ1887 እ.ኤ.አ. ወደ አገሯ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ከገና በፊት ያለው ሳምንት ቤተ ሰብና ወዳጅ ስጦታ የሚለዋወጡበት ጊዜ ስለ ሆነ ለጸሎትና ለወንጌል መዋጮ ይለይ ብላ ጠየቀች። በሚቀጥለው ዓመት ሴቶቹ ተነሡ፤ 3,315 ዶላር ሰበሰቡ፤ በዚያም ሦስት አዳዲስ አገልጋዮች ተላኩላት። እሷ በ1912 በዲሴምበር 24፣ በልደት ዋዜማ፣ ወደ አገሯ ስትመለስ በጃፓን ኮቤ ወደብ በመርከብ ላይ አረፈች። መዋጮው በስሟ ዛሬም በየዓመቱ ከገና በፊት ይሰበሰባል።

ሁለተኛው ታሪክ ከአድቬንት ጋር በቀጥታ አይያያዝም፤ "በየቀኑ መስጠት ለድሀ ቤት ይቻላል ወይ?" ለሚለው ጥያቄ ግን ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ሚዞራም የሚባል ተራራማ አገር አለ። ወንጌል የደረሳቸው በ1894 ነው፤ ገበሬዎች ናቸው፤ ገንዘብ አልነበራቸውም። ከ1910 ጀምሮ እናቶች ሩዝ ለመቀቀል ባነሡ ቁጥር አንድ እፍኝ እየለዩ በሌላ ዕቃ ማስቀመጥ ጀመሩ። እፍኟ ለቤተ ክርስቲያን ትሰጣለች። ከድስቱ አንድ እፍኝ ቢጎድል ማንም አይራብም! ይህ እፍኝ ግን አጥቢያ ሠራ፣ ወንጌላዊ ላከ። ልማዱ እስከ ዛሬ አለ። ጤፍ ለምትሰፍሪ እናቴ፣ ሽሮ ለምትቆነጥሪ እኅቴ፣ ይህን ለማስረዳት ሰባኪ አያስፈልግም።

በቤታችሁ እንዴት ይሁን?

ለኢትዮጵያ ገና 24 ቀን የሚቆጠረው ከታኅሣሥ 5 እስከ 28 ነው። (በዘመነ ዮሐንስ ገና በ28 ስለሚውል አንድ ቀን ቀደም በሉ።) በዲሴምበር 25 የምታከብሩ ከዲሴምበር 1 ጀምሩ። አንድ ባዶ የወተት ጣሳ ይበቃል። ማታ ከጸሎት በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፦ ዛሬ በዚህ ቤት ስንት ሰው ሦስት ጊዜ በላ? ስንት ጫማ አለ? ዘንድሮ ሐኪም ቤት ገብቶ የወጣ ማን ነው? ትምህርት ቤት የሚሄድ ስንት ነው? በቁጥሩ ልክ ሳንቲም ወይም ብር ይገባል። ሳንቲም ከሌለ እፍኝ ይለይ። ልጆቹ ራሳቸው ይቁጠሩ፣ ራሳቸው ይጣሉ።

ሦስት ነገር ግን መናገር አለብኝ።

አንደኛ፣ ይህ ዘር አይደለም። ዛሬ በየመድረኩ "ዝራ፣ መቶ እጥፍ ታጭዳለህ" የሚል ድምፅ በዝቷል። የኪራይ ገንዘቧን ይዛ ሄዳ የሰጠች፣ ከዚያም ከቤት የወጣች እናት አውቃለሁ። ዘጸአት 30 ላይ ግማሽ ሰቅል የሰጠ ሰው ምን ተመለሰለት? ምንም አልተባለም። ሰጪው ሕይወቱን ቀድሞ ተቀብሏል። እኛም የምንቆጥረው የተደረገልንን ነው፤ የሚደረግልንን አይደለም። ከልጆቻችሁ አንዱ "አምስት ብር ብጥል ጌታ ስንት ይሰጠኛል?" ካለ፣ ከየት እንደ ሰማው ጠይቁት።

ሁለተኛ፣ የተቀባዩ ክብር። ጌታችን ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ያለው (ማቴ. 6፥3) ስልክ ካሜራ ሳይኖረው በፊት ነው። ዘይትና ዱቄት ለመበለት ሲሰጥ ቪዲዮ እየቀረጹ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መልቀቅ ያቺን ሴት በጎረቤቶቿ ፊት መቁጠር ነው። በታኅሣሥ 28 ጣሳው ሲከፈት ገንዘቡ ከቤታችሁ አቅራቢያ ለሚኖር ሰው በዝምታ ይድረስ፤ ማን እንደሚያስፈልገው ካላወቃችሁ የአጥቢያችሁን ዲያቆናት ጠይቁ። ለበዓሉ የሚሆን ከሆነ ግን አትዘግዩ፤ ዶሮ በገና ዕለት ማታ ቢደርስ ምን ያደርግላታል?

ሦስተኛውን የምናገረው ዘንድሮ ሐዘን ለገባበት ቤት ነው። "በረከትህን ቁጠር" ሲባል ወንበሩ ባዶ የሆነበት ሰው ምን ይቁጠር? በግድ አታስቆጥሩት። እሱ ሲችል የቀሩትን ብቻ ሳይሆን የሄደውንም ይቁጠር፤ አባቱ አብሮት የኖረው ስንት ዓመት ነው? ሃምሳ? ሃምሳ ሳንቲም ወይም ሃምሳ ብር በዚያ ቀን ይግባ። አባት በሌለበት ቤት ለሚያድግ ለሌላ ልጅ ይሂድ። ቪሸርን በ15 ዓመቱ አባቱን የቀበረ ልጅ ነበር።

ጣሳውን ዛሬ እጠቡት፣ ክዳኑን ብሱት። ታኅሣሥ 5 ማታ ከትንሹ ልጅ ጀምራችሁ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠይቁ፦ ትናንት ሌሊት በዚህ ቤት ስንት ሰው ብርድ ሳይነካው አደረ?